በደኅና መድረስ ንጹሕ መሆን ነውን?



በደጋው አገር የምንኖር ሰዎች መንገድን ሁሉ በእግርና በበቅሎ የምንለካበት ዘመን ገና ከትዝታችን አልራቀም። ወላጆቻችን ወደ ሩቅ ገበያ የሚነሡት ዶሮ ሲጮኽ ነበር። የታመመም ሰው ወደ ሐኪም ቤት ሲወሰድ የአገሩ ጎልማሳ ሁሉ እየተፈራረቀ በቃሬዛ ይሸከመው ነበር፤ ከሕመሙ ይልቅ የመንገዱ ርዝመት የገደለው ሰው ጥቂት አይደለም። ዛሬ ግን መኪና በማይገባበት ቀበሌ ሞተር ብስክሌት ይገባል። የክትባት መድኃኒት የያዘውን የጤና ሠራተኛ ያደርሳል፤ አዋላጅዋን በሌሊት ወደ ወላዲቱ ቤት ያደርሳል፤ ወንጌላዊውንም በአንድ እሑድ ሁለት ማኅበር እንዲያገለግል ያስችለዋል። ስለዚህ ይህን የምጽፈው መሣሪያውን ለመንቀፍ እንዳይደለ አስቀድሜ እናገራለሁ። ሞተር ብስክሌት መልካም ስጦታ ነው። የምመረምረው ስጦታውን የያዘውን እጅ፣ እጁንም የሚያዝዘውን ልብ ነው።

የምመረምረውም ጥያቄ ይህ ነው፤ በፍጥነትና በግዴለሽነት እየነዳ በደኅና ቤቱ የገባ ሰው በደለኛ ነውን? ወይስ ማንንም ስላልጐዳ ንጹሕ ነው? ይህ ጥያቄ ለሌላ ሰው የቀረበ አይምሰላችሁ፤ አስቀድሞ የተጠየቅሁት እኔ ራሴ ነኝ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ ሩቅ ማኅበር የነበሩ ሽማግሌ ዐርፈው ቀብራቸው በስድስት ሰዓት እንዲሆን ተወስኖ ነበር። እስከዚያ ድረስ በጠጠር መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። በጊዜው ብነሣ ኖሮ በርጋታ እደርስ ነበር። እኔ ግን በአንድ ወዳጄ ቤት ቡና ተፈልቶ ወሬው ስለ ጣፈጠኝ፣ አቦሉን ጠጥቼ መነሣት ሲገባኝ እስከ በረካው ተቀመጥሁ። ሰዓቴን ባየሁ ጊዜ ደነገጥሁ። ሞተሬንም አስነሥቼ በወሬ ያባከንሁትን ጊዜ ከመንገዱ ላይ ልለቅም በረርሁ።

ባሕር ዛፍ በጋረደው ኩርባ ላይ ስታጠፍ፣ ስምንት ወይም ዘጠኝ ዓመት የሚሆናት ልጅ ውሃ የሞላ ጀሪካን በጀርባዋ አዝላ ወደ መንገዱ ገባች። ፍሬን አጥብቄ ብይዝ ጠጠሩ ይጥለኝ ነበርና መሪውን አዘነበልሁ፤ የመሪውም ጫፍ ነጠላዋን ነክቶ አለፈ። ልጅቱ ደንግጣ ወደቀች፤ የጀሪካኑ ክዳን ተከፍቶ ውሃው ፈሰሰ። ዘወር ብዬ ስመለከት ከወደቀችበት ስትነሣ አየኋት። መነሣትዋን ባየሁ ጊዜ ልቤ ተመለሰልኝ፤ ነገር ግን አላቆምሁም። ቀብሩ ይጠብቀኛል ብዬ እጄን አንሥቼ መንገዴን ቀጠልሁ።

ከቀብሩ ስፍራ ስደርስ ሰዎቹ «እንኳን በደኅና ደረሱልን» አሉኝ። እኔም «እግዚአብሔር ይመስገን» አልሁ። ስለ ሰው ዕድሜ አጭርነትም አስተማርሁ፤ ብዙዎችም አለቀሱ። ሌሊት ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ያመሰገንሁት ስለ ምንድር ነው? እያልሁ ራሴን ጠየቅሁ። ልጅቱ አንድ እርምጃ ፈጥና ወጥታ ብትሆን ኖሮ በዚያ ቀን አንድ ቀብር ሳይሆን ሁለት ቀብር ይሆን ነበር። ያ አንድ እርምጃ ደግሞ የእርስዋ እንጂ የእኔ አልነበረም። እኔ ያደረግሁት ነገር በሁለቱም መንገድ አንድ ነው።

እስቲ ነገሩ የበለጠ ይገለጥልን ዘንድ ሁለት ወጣቶችን በሐሳባችን እናቁም። ሁለቱም በአንድ የገበያ ቀን፣ በአንድ ዓይነት ሞተር፣ በአንድ ዓይነት ፍጥነት፣ በአንድ ኩርባ ያልፋሉ። አንደኛው ሲያልፍ መንገዱ ባዶ ነው። ሁለተኛው ሲያልፍ ሕፃን ከመንገዱ ላይ ይገኛል። አንደኛው ቤቱ ገብቶ እራቱን ይበላል፤ ሁለተኛው ወኅኒ ቤት ይገባል፤ ሕፃኑም መቃብር ይገባል። በማግሥቱ እኛ አንደኛውን «ጐበዝ ነጂ» እንለዋለን፤ ሁለተኛውን «ነፍሰ ገዳይ» እንለዋለን። ነገር ግን አንደኛው ያላደረገው፣ ሁለተኛው ብቻ ያደረገው ምን ነገር አለ? ምንም የለም። የተለያዩት ከእጃቸው ውጭ በሆነ ነገር ነው።

ከዚህ ተነሥቶ አንዳንድ ሰው «እንግዲያውስ ሁለተኛውም ዕድሉ ነው እንጂ ጥፋተኛ አይደለም» ይል ይሆናል። እኔ ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው እላለሁ፤ አንደኛውም ጥፋተኛ ነው። ጥፋቱ የተሠራው ሞተሩ ከሕፃኑ ጋር በተጋጨ ጊዜ አይደለምና። ጥፋቱ የተሠራው ከዚያ አስቀድሞ፣ ነጂው ከኩርባው ወዲያ ምን እንዳለ ሳያይ ፍጥነቱን ላለመቀነስ በወሰነ ጊዜ ነው። በዚያች ደቂቃ በልቡ አንድ ፍርድ ፈርዶአል፤ ይኸውም ከኩርባው ወዲያ ካለው ከማንኛውም ሰው ሕይወት ይልቅ የእኔ ጥቂት ደቂቃዎች ይበልጣሉ የሚል ፍርድ ነው። ያ ሰው ማን እንደ ሆነ አያውቅም፤ የገዛ ወንድሙ ሊሆን ይችላል። ሳያየውና ሳይሰማው ፈረደበት። ሰውየው በስፍራው አለመገኘቱ ፍርዱን ከመፈጸም አስቀረው እንጂ ትክክለኛ አላደረገውም።

እነዚያ ደቂቃዎችም ስንት እንደ ሆኑ እንቍጠር። 30 ኪሎ ሜትሩን መንገድ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚነዳ ሰው በ30 ደቂቃ ይጨርሰዋል። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚነዳው በ22 ደቂቃ ተኩል ይጨርሰዋል። ትርፉ 7 ደቂቃ ተኩል ነው፤ አንድ ስኒ ቡና እንኳ ተረጋግቶ የማያስጠጣ ጊዜ ነው። የሰውን ሕይወት በዚህ ሚዛን ላይ አስቀምጠን እንነዳለን።

የመንግሥት ሕግ በሁለቱ ወጣቶች መካከል ልዩነት ማድረጉ እውነት ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ በቸልተኝነት ሰው የገደለውን ይቀጣል፤ ቸልተኛ የሚለውም አደጋ ሊደርስ እንደሚችል እያወቀ የናቀውን፣ ደግሞም ማሰብ ሲገባው ያላሰበውን ነው። ሰው ያልሞተበት ፈጣን ነጂ ግን ቢያዝ ቅጣቱ የቀለለ ነው። ይህም ተገቢ ነው፤ ደም ፈስሶአልና፣ ያዘነ ቤተ ሰብም ፍርድ ይጠብቃልና፣ ዳኛም የሰውን ልብ ሊመዝን አይችልምና። ነገር ግን ሕሊና ሌላ ችሎት ነው። በሕሊና ችሎት ፊት የሚቆም ሰው «ምን ደረሰ?» ተብሎ ብቻ አይጠየቅም፤ «ምን ፈቀድህ?» ተብሎ ይጠየቃል።

ቅዱሳት መጻሕፍትም ይህን ነገር አልተዉትም። በኦሪት ዘፀአት 21ኛ ምዕራፍ ስለ ተዋጊ በሬ የተሰጠ ሕግ አለ። በሬው ተዋጊ መሆኑ ለባለቤቱ ተነግሮት ሳለ ሳይጠብቀው ቢቀርና ሰው ቢገድል፣ ባለቤቱ ራሱ ተጠያቂ ይሆናል፤ ጥፋቱ የሚጀምረው በሬው በወጋ ቀን ሳይሆን ባለቤቱ ሰምቶ ዝም ባለ ቀን ነው። በዘዳግም 22ኛ ምዕራፍ ደግሞ አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው በጣራው ዙሪያ መከታ እንዲያደርግ ታዝዞአል፤ ሰው ወድቆ ቢሞት ደሙ በቤቱ ላይ እንዳይሆን ነው። እስኪወድቅ ጠብቁና መከታ ሥሩ አልተባለም። ሉተርም በ1529 ባወጣው ትንሹ ካቴኪዝም አምስተኛውን ትእዛዝ ሲተረጕም፣ ባልንጀራን አለመጕዳት ብቻ እንደማይበቃ፣ በሥጋው ችግር ሁሉ ልንረዳው እንደሚገባ አስተምሮአል። እንግዲህ ለሌላው ሕይወት አስቀድሞ ማሰብ በጎ ፈቃድ ሳይሆን ዕዳ ነው።

ስለ ጣራና ስለ መከታ የተናገርሁት ከሞተር ብስክሌት የራቀ እንዳይመስላችሁ፤ ፍጥነት ማለት ከፍታ ማለት ነውና። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር እየነዳ ከግንብ ጋር የተጋጨ ሰው ከ6 ሜትር ከፍታ እንደ ወደቀ ያህል ይመታል። በ50 ኪሎ ሜትር የተጋጨው ከ10 ሜትር ያህል፣ ማለት ከሦስት ፎቅ ቤት ጣራ እንደ ወደቀ ነው። በ80 ኪሎ ሜትር የተጋጨው ግን ከ25 ሜትር ከፍታ እንደ ወደቀ ነው። ልብ አድርጉ፤ ፍጥነቱ ከ40 ወደ 80 ሁለት እጥፍ ሲሆን ከፍታው አራት እጥፍ ሆነ። በመኪና ውስጥ ያለ ሰው በዙሪያው ብረት አለው፤ የሞተር ነጂ ግን በዙሪያው ነፋስ ብቻ ነው። ፍጥነቱን በጨመረ ቍጥር መከታ በሌለው ጣራ ላይ ወደ ላይ ይወጣል፤ ከኋላው የተቀመጠውንም ሰው ይዞት ይወጣል።

ደግሞም ሰው አደጋ አይቶ እጁና እግሩ ፍሬን እስኪይዙ ድረስ አንድ ሰከንድ ያህል ያልፋል። በዚያ አንድ ሰከንድ ውስጥ በ40 የሚነዳው 11 ሜትር፣ በ80 የሚነዳው 22 ሜትር ይሄዳል፤ ያውም ፍሬኑ ገና ምንም ሳይሠራ ነው። በደጋው መንገዳችን ላይ ደግሞ በክረምት ጭቃ፣ በበጋ አቧራና ልቅ ጠጠር አለ፤ ከብት ያቋርጣል፤ በገበያ ቀን አህያ ተጭኖ፣ ሴት እንጨት ተሸክማ፣ ተማሪ ከትምህርት ቤት ወጥቶ ይሄዳል። መንገዱ ከሞተሩ በፊት የእነርሱ ነበር። በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ2021 በዓለም ሁሉ በመንገድ አደጋ የሞተው ሰው 1 ሚሊዮን 190 ሺሕ ያህል እንደ ሆነ የዓለም የጤና ድርጅት አስታውቆአል። ከ5 እስከ 29 ዓመት ላሉት ልጆችና ወጣቶች ከሞት ምክንያቶች ሁሉ የመጀመሪያው ይኸው ነው።

ለዚህ ሁሉ ወጣቶች የሚሰጡትን መልስ አውቃለሁ፤ ሳላከብረውም አላልፍም።

የመጀመሪያው መልስ «ሕይወቱ የራሴ ነው፤ ብሞትም የምሞተው እኔ ነኝ» የሚል ነው። ልጄ ሆይ፤ ይህን ስትል እናትህ በጓዳ ሆና ትሰማሃለችን? ሰው ብቻውን አይወድቅም። አንተ አንድ ጊዜ ትወድቃለህ፤ አባትህ ላም ሸጦ ያሳክምሃል፤ እኅትህ ትምህርትዋን ትታ ታስታምምሃለች፤ ሚስትህም ያለ ረዳት ልጆች ታሳድጋለች። ሕይወትህ የአንተ ብቻ ቢሆን ኖሮ በቀብርህ ቀን የሚያለቅስ ሰው ባልተገኘ ነበር።

ሁለተኛው መልስ «ቀን ካልደረሰ አይሞትም» የሚል ነው። ይህ ቃል እምነት ይመስላል፤ ነገር ግን እምነት አይደለም። ጌታችን በቤተ መቅደሱ ጫፍ ላይ በቆመ ጊዜ ፈታኙ ራሱን ወደ ታች እንዲጥል፣ መላእክትም እንደሚይዙት ነግሮት ነበር። ጌታ በአባቱ ጥበቃ ፍጹም ይታመን ነበር፤ ሆኖም ራሱን አልጣለም። መታመንና መፈታተን እንደሚለያዩ ከዚህ እንማራለን። ደግሞም ቀንህ እስኪደርስ እንደማትሞት ብታምን እንኳ፣ የሌላውን ሰው ቀን አንተ እንድታመጣበት ማን ሾመህ?

ሦስተኛው መልስ «እኔ ጥሩ ነጂ ነኝ» የሚል ነው። ስለዚህ አንድ የታወቀ ታሪክ ልጥቀስ። የዐረቡ ሎሬንስ ተብሎ የሚጠራው እንግሊዛዊ መኰንን ሞተር ብስክሌትን እጅግ የሚወድና ለብዙ ዓመታት የነዳ፣ በፍጥነትም ደስ የሚለው ሰው ነበር። በአውሮፓውያን አቈጣጠር በሜይ 13 ቀን 1935፣ በዶርሰት አውራጃ፣ ቴሌግራም ልኮ ወደ ቤቱ ሲመለስ፣ ከመንገዱ ዝቅታ የተነሣ ያልታዩት ሁለት ልጆች በብስክሌት ሲሄዱ ድንገት ከፊቱ አገኛቸው። እነርሱን ለማዳን ሲል መሪውን አዘንብሎ ወደቀ፤ ራሱም ተመታ፤ ከ6 ቀን በኋላ በ46 ዓመቱ ሞተ። በራሱ ላይ የራስ ቁር አልነበረም። ልጆቹ ከሞት ተርፈዋል። እነሆ፤ ብልሃቱ አልጐደለም፤ ነገር ግን የሰው ብልሃት ከኮረብታ ወዲያ ማየት አይችልም። ከኮረብታ ወዲያ የሚያየው ትዕግሥት ብቻ ነው፤ ትዕግሥት ያላየውን ሰው እንዳለ አድርጎ ይቈጥረዋልና።

የዚህ ታሪክ ፍጻሜ ግን በሞት ብቻ አይደለም። ካከሙት ሐኪሞች አንዱ ሂዩ ኬርንስ የተባለው የአንጎል ቀዶ ጠጋኝ ነበር። ይህ ሐኪም በሽተኛውን ማዳን ሳይችል ቢቀር እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። በሞተር የሚሄዱ የጦር መልእክተኞች በራስ ጉዳት ምን ያህል እንደሚሞቱ፣ የራስ ቁርም ምን ያህል እንደሚያድን መርምሮ በ1941 ጽሑፉን አወጣ፤ ከዚያም ወዲህ የእንግሊዝ ጦር ለእነዚያ መልእክተኞች የራስ ቁርን ግዴታ አደረገ። በእንግሊዝ አገር ለነጂዎች ሁሉ ግዴታ የሆነው በ1973፣ እርሱ ራሱ ካረፈ ከ21 ዓመት በኋላ ነው። ዛሬ ብዙ ጥናቶችን በአንድነት የመረመሩ ሊቃውንት የራስ ቁር በአደጋ ጊዜ የሞትን ነገር ከመቶ 42 እጅ፣ የራስ ጉዳትንም ከመቶ 69 እጅ እንደሚቀንስ አረጋግጠዋል። ስሙን የማናውቀው፣ ለእኛም ስማችንን የማያውቅ ሐኪም መከታ ሠራልን። እኛ ግን ያንን ሄልሜት የምንለውን ነገር ብዙ ጊዜ ፖሊስ ስናይ ከመሪው ላይ አንሥተን እናጠልቃለን፤ ፖሊሱም ሲርቅ እናወልቃለን።

አራተኛውን መልስ የሚሰጡት ግን በሞተር ሰው እያመላለሱ እንጀራቸውን የሚበሉ ናቸው፤ እርሱንም በርኅራኄ መስማት ይገባል። በኬንያና በኡጋንዳ ይህ ሥራ «ቦዳ ቦዳ» ይባላል፤ ስሙ ድንበር ከሚለው የእንግሊዝኛ ቃል የተወለደው በሁለቱ አገሮች ጠረፍ ሰውን በብስክሌት ከወዲህ ወዲያ በሚያመላልሱ ወጣቶች መካከል ነው። በእኛም ከተሞች ብዙ ወጣት እንዲሁ ያድራል። «ሞተሩ የእኔ አይደለም፤ ለባለቤቱ በየቀኑ ገቢ አስገባለሁ፤ ካልፈጠንሁ አልበላም» ይላል። ይህን የሚለውን ወጣት ብቻ መውቀስ ፍርደ ገምድልነት ነው። የቀን ገቢውን ከአቅም በላይ የጫነበት ባለ ሞተር ከእርሱ ጋር ይነዳል። አርፍዶ ተነሥቶ ከኋላው ተቀምጦ «ፍጠን እንጂ!» የሚለው ተሳፋሪም ከእርሱ ጋር ይነዳል። ልጁን አስተማሪ ሳይዝለት፣ መንጃ ፈቃድም ሳያወጣ ሞተር የሚገዛለት አባትም ከእርሱ ጋር ይነዳል። በሠርግና በበዓል ቀን ለጠጣ ጎልማሳ የሞተሩን ቍልፍ መልሰን የምንሰጥ እኛም ከእርሱ ጋር እንነዳለን። አደጋ በደረሰ ጊዜ ግን ሁላችን እንወርድና ከመሪው ላይ እርሱን ብቻ እንተወዋለን።

እንግዲህ ወደ መጀመሪያው ጥያቄ እመለሳለሁ። በግዴለሽነት ነድቶ በደኅና የገባ ሰው ንጹሕ ነውን? አይደለም። ምሕረት ያገኘ ሰው ነው። በንጹሕና ምሕረት ባገኘ ሰው መካከል ያለው ልዩነት ታላቅ ነው። ንጹሕ የሆነ ሰው ነገ በዚያው መንገድ በዚያው አኳኋን ሊሄድ ይችላል፤ ምሕረት ያገኘ ሰው ግን አኳኋኑን ሊለውጥ ይገባዋል። «እግዚአብሔር ይመስገን» ብሎ ነገም እንደ ትናንቱ የሚነዳ ሰው ምሕረትን ፈቃድ አድርጎ ወስዶታል።

የአኳኋኑም መለወጥ ከባድ ምሥጢር የለውም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንደሚባለው፣ ነገሩ የሚጀምረው በጊዜ ከመነሣት ነው። በኩርባ፣ በድልድይ፣ በትምህርት ቤትና በገበያ አጠገብ ማንም ባይታይም ሰው እንዳለ ቈጥሮ ቀስ ማለት፤ የራስ ቁርን ለራስም ከኋላ ለተቀመጠውም ማዘጋጀት፤ ሦስትና አራት ሰው አለመጫን፤ መጠጥ ቀምሶ ወደ መሪ አለመቅረብ፤ ተሳፋሪም ከሆንን ፍጠን ማለትን ትተን «ቀስ በል ወንድሜ፤ እንደርሳለን» ማለት ነው። ይህ ቃል ዋጋ አይጠይቅም፤ ነገር ግን ለድካሙ ተገቢውን ክፍያ ጨምረን ብንናገረው የበለጠ ይሰማል።

በዚያ ሌሊት ማግሥት ወደዚያ ኩርባ ተመለስሁ። ልጅቱን ልፈልግ፣ እናትዋንም ይቅርታ ልለምን ብዬ ነበር። ከመንገዱ ዳር ባሉት ቤቶች ጠየቅሁ፤ ነገር ግን ውሃ የሚቀዱ ልጆች ብዙዎች ናቸውና ማን እንደ ሆነች ማንም ሊነግረኝ አልቻለም። ውሃው የፈሰሰበትም ስፍራ ደርቆ ነበር። ስለዚህ እስከ ዛሬ ዕዳዬን አልከፈልሁም። ከዚያ ወዲህ በዚያ መንገድ ባለፍሁ ቍጥር ከባሕር ዛፉ ሳልደርስ ሞተሬን ቀስ አደርጋለሁ፤ ጀሪካን ያዘለች ልጅም ባገኘሁ ጊዜ እርስዋ እስክትሻገር ድረስ ቆሜ እጠብቃለሁ። ማንኛዋ እንደ ሆነች ስለማላውቅ ሁሉንም እንደ እርስዋ እቈጥራቸዋለሁ።

ወንድሞቼና እኅቶቼ ሆይ፤ መንገዳችሁን እግዚአብሔር ያቅናላችሁ፤ ከኩርባው ወዲያ ያለውንም ሰው ከእናንተ እጅ ይጠብቀው።